ፍላርም ዝም ሲል ሰማዩ ባዶ ነው ማለት ነው? (አንቴና፣ ማንቂያ፣ ትራንስፖንደር)

ብሌን_ክንፍ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደቡብ ጀርመን፣ አልፕስ ግርጌ ላይ ባለ የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ክለብ ውስጥ የአውሮፕላኖቹን መሣሪያ ከሚከታተሉት አንዷ ነኝ። በዚህ ክረምት ሁለት አውሮፕላኖች ላይ የፍላርም (አብራሪውን ስለ ግጭት አደጋ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ) ሥራ አለብን። አንዷ ባለ ሁለት መቀመጫ ማሠልጠኛችን ኤኤስኬ 21 ናት፤ አካሏ ፋይበርግላስ ስለሆነ ብዙም አታስቸግርም ብለን እናስባለን። ሌላው ኮክፒቱ ዙሪያ ካርቦን ፋይበር ያለበት ባለ አንድ መቀመጫ ነው። እሱ ላይ መሣሪያው ድሮም አለ፤ ግን አንቴናው የመሣሪያ ሰሌዳው ሽፋን ሥር ተወሽቋል።

መመሪያውን አንብበነዋል። የቸገረን መመሪያው የማይነግረው ነው።

መሣሪያው የማያየው ምን ምን ነው? አዳዲስ ተማሪዎች «ካልጮኸ ማንም የለም» ወደሚል ሐሳብ እያዘነበሉ ነው፤ ይህን በቁጥር ላስረዳቸው እፈልጋለሁ። አንቴናው የት ይቀመጥ? ከተገጠመ በኋላስ በትክክል መሥራቱን በምን እናረጋግጥ? ተርማል (ወደ ላይ የሚወጣ ሞቃት አየር) ውስጥ ከሌሎች ጋር እየዞርን ማንቂያው ሲደጋገም አብራሪው ምን ያድርግ? ደግሞም ፍላርም ካለን ትራንስፖንደር (ለራዳር ጥያቄ መልስ የሚልክ ሬዲዮ) መግዛት ያስፈልገናል ወይ? በዚህኛው ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል።

ዳገት_ነፋስ፦

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልውሰድ።

ፍላርም ራዳር አይደለም። ሞገድ ልኮ የሚመለስለትን አያዳምጥም። ቦታውን ከጂፒኤስ ይወስዳል፣ የግፊት መለኪያም አለው፤ ከዚያ አውሮፕላኑ በሚቀጥሉት ሰከንዶች የት እንደሚደርስ ያሰላና ያንን በየሰከንዱ ግድም በሬዲዮ ይበትናል። አጠገቡ ያለ ሌላ ፍላርም መልእክቱን ተቀብሎ ከራሱ መንገድ ጋር ያመሳክራል። ሁለቱ መንገዶች በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ በአደገኛ ርቀት የሚቀራረቡ ከሆነ ይጮኻል፤ ጊዜው እያጠረ ሲሄድ ጩኸቱ በደረጃ ይጠነክራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኡርስ ሮትሃከር እና አንድሬያ ሽላፕባኽ ሲጀምሩት ብልሃቱ እዚህ ላይ ነበር። ግላይደሮች ተርማል ውስጥ ተጠጋግተው ነው የሚዞሩት፤ በርቀት ብቻ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፣ አብራሪውም ያጠፋዋል። የመንገድ ትንበያው ያንን ጩኸት ቀነሰ። የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ ዓይን የማይደርስበትን፣ ከኋላና ከታች ወይም ከፀሐይ በኩል የሚመጣውን፣ በማያስፈልግ ጊዜ ሳይጮህ ያመላክታል። ፊት ለፊት የሚመጣ ግላይደርም ከዚህ አያንስም። ከፊት ሲታይ ቀጭን መስመር ነው፤ ለግጭት በሚያበቃ አቅጣጫ የሚመጣ ነገር ደግሞ መስታወቱ ላይ ቦታውን ስለማይቀይር ዓይን አይስበውም።

አሁን ወደ ዝምታው። ፍላርም ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ «ማንም የለም» ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ሌላው አውሮፕላን ጭራሽ ፍላርም ላይኖረው ይችላል። ቢኖረውም ባትሪው ሞቷል፣ ወይም ፈርምዌሩ (ውስጡ ያለው ሶፍትዌር) ጊዜው አልፎበት ከሌሎች ጋር መነጋገር አቁሟል። አንቴናው ካርቦን ሥር ተደብቋል። ወይም በመካከላችሁ የተራራ ጫፍ አለ፤ ሬዲዮው ተራራ አያልፍም፣ በሁለት ወገን ወደ አንድ ሸንተረር የሚወጡ ግላይደሮች ጫፉ ላይ ሲገናኙ ማንቂያው በጣም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚበር ሰውም ፍላርማችሁ ላይ አይታይም።

ፓራግላይደሮችን ለብቻ አንሱላቸው። አልፕስ ላይ ብዙዎቹ የሚይዙት ቫሪዮ (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት መለኪያ) የፍላርም ምልክት ይልካል፤ ግን አይቀበልም። እናንተ ታዩታላችሁ፣ እሱ ስለ እናንተ ምንም አይሰማም። እዚያ ላይ መጠንቀቁ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። ይህን ተማሪዎች ሁሉ ማወቅ አለባቸው።

ለተማሪዎች የሚሆን ስሌት እነሆ። ሁለት ግላይደሮች እያንዳንዳቸው በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ፊት ለፊት ሲመጡ የሚቀራረቡበት ፍጥነት በሰከንድ 100 ሜትር ነው። ጤናማ አንቴና 3 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያያቸው 30 ሰከንድ አላቸው፤ መሣሪያው ባሰበው ሰዓት ማስጠንቀቅ ይችላል። አንቴናው ተበላሽቶ 500 ሜትር ላይ ቢያያቸው የቀራቸው 5 ሰከንድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያ አብራሪ ሌላውን አውሮፕላን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ አውሮፕላኑ መታጠፍ እስኪጀምር 12.5 ሰከንድ ይፈጃል ይላል። ከዚህ ውስጥ 5 ሰከንዱ የሚሄደው መንገዳችን ይጋጫል ብሎ ለመረዳት፣ 4ቱ ለመወሰን ነው። ፍላርም የመጀመሪያውን ክፍል ያሳጥራል፤ መወሰኑንና መሪ መያዙን አያሳጥርም። ስለዚህ 5 ሰከንድ ሲቀረው የሚጮህ ፍላርም፣ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ቢሆኑም፣ ጠባቂ አይደለም።

ገመድና_ኮኔክተር፦

ዳገት_ነፋስ የመጨረሻዋ መስመሩ ላይ ያነሳው ነገር የኔ ክፍል ነው። «ፍላርሙ አላየም» ከሚባሉት ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በሳጥኑና በአንቴናው ጫፍ መካከል ነው። ምልክቱን የሚልክበት ኃይል 25 ሚሊዋት ግድም ነው፤ የሚባክን ትርፍ የለውም።

አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት ድግግሞሽ 868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት 34.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሽ ሞገድ ዳይፖል አንቴና 17 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ተቀባዩም ላኪውም ቁመታዊ እንዲሆኑ ነው የታሰበው፣ ጎን የተኛ አንቴና ብዙ ኃይል ያጣል። ሽፋኑ ሥር እንዲገባ ብሎ ማጠፍም ሆነ መቁረጥ አይሆንም። ከብረት፣ ከኮምፓስ፣ ከገመድ እቅፍ፣ ከካርቦን የሚችለውን ያህል ይራቅ፤ ቢያንስ አንድ የአንቴና ቁመት ያህል ክፍት ቦታ በዙሪያው ካገኘ ጥሩ ነው። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ለሬዲዮው ግድግዳ ነው። ፋይበርግላስ ግን ያሳልፈዋል፤ ስለ ኤኤስኬ 21 ያላችሁት ልክ ነው። ሆኖም እዚያም የሁለት ሰው አካል አለ፤ ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ድግግሞሽ ይውጣል። አንቴናው ከፊት ሰሌዳ ላይ ሲሆን ወደ ኋላ ያለው ዕይታ በሁለት ሰው ተሸፍኗል ማለት ነው።

ኮኔክተሩን በዓይናችሁ እዩት። ኤስኤምኤ እና ሪቨርስ ኤስኤምኤ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ጥርሳቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይጠብቃል። ግን ሁለቱም በኩል መሐል ላይ ቀዳዳ ብቻ ሆኖ መርፌ ሳይኖር ይቀራል። ከውጭ ሲታይ ፍጹም የተገጠመ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አይነካካም። ከዚህ በኋላ መሣሪያው 200 እና 300 ሜትር ላይ ያለውን ጎረቤት ያያል፣ ሰዎቹም ይሠራል ብለው ይበራሉ። ፈትታችሁ፣ አንደኛው ወገን መርፌ፣ ሌላኛው ቀዳዳ መሆኑን አረጋግጡ።

የአንቴና ገመድ ከረዘመ ቀጭኑን አርጂ-174 አትጠቀሙ፤ በዚህ ድግግሞሽ በሜትር አንድ ዴሲቤል ግድም ይበላል። አርጂ-58 ግማሹን ያህል ነው። ክፍት አየር ላይ 6 ዴሲቤል መጥፋት ርቀቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። ሁለት ሜትር ቀጭን ገመድ፣ ሁለት ደካማ ኮኔክተርና ጥቂት ካርቦን ሲደመሩ እዚያ ይደርሳሉ።

የጂፒኤስ አንቴናው ጠፍጣፋ ሆኖ ሰማይ ማየት አለበት፣ ካርቦን ሥር አይሆንም፤ ከፍላርሙ አንቴናም 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይራቅ። ኃይሉን ደግሞ የራሱን ፊውዝ ሰጥታችሁ ከባትሪው አምጡለት። ባትሪ ሲደክምና ሬዲዮ ሲነገርበት ቮልቴጁ ወርዶ ፍላርሙ ጠፍቶ እንደገና ሊነሳ ይችላል፤ ከተነሳ በኋላ ጂፒኤስ እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ የለም ማለት ነው። አብራሪው ይህን አያውቀውም።

ከገጠማችሁ በኋላ ውቅሩን ተመልከቱ። የአውሮፕላን ዓይነቱ ግላይደር ተብሎ መሞላት አለበት፤ ለጎታች አውሮፕላን (ግላይደርን ጎትቶ ለሚያስነሳው) የተሠራ መሣሪያ አምጥታችሁ ሳትቀይሩ ከተዋችሁት የተሳሳተ ዓይነት ለሌሎች ይነግራል። አውሮፕላኑ ትራንስፖንደር ካለው የፍላርሙ መለያ ቁጥርና የትራንስፖንደሩ ባለ 24 ቢት አድራሻ አንድ መሆን አለባቸው። አለበለዚያ ፍላርሙ የራሱን አውሮፕላን ሌላ አውሮፕላን ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ፈርምዌሩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታደሳል፤ የሚያልፍበት ቀን አለው፣ ካለፈ መሣሪያው ከሌሎች ጋር መሥራት ያቆማል። የእንቅፋት መረጃውም (የገመድ መንገዶች፣ ምሰሶዎች) ለብቻው ነው የሚታደሰው፤ አልፕስ ላይ ያሉትን ገመዶች በሙሉ ይዟል ብላችሁ ግን አትተማመኑ።

ማረጋገጫው በራሱ የበረራ መዝገብ ነው። የፍላርም ድረ ገጽ ላይ የአይጂሲ ፋይል የሚጫንበት የርቀት መመርመሪያ አለ፤ ሌሎችን በየአቅጣጫው በስንት ርቀት እንደተቀበለ በክብ ሥዕል ያወጣል። ከብዙ ሰው ጋር የተበረረበትን ቀን ምረጡ፣ አንድ ፋይል አይበቃም። አስታውሱ፦ ይህ የሚለካው መቀበልን ነው። መላኩን ለማየት የኦፕን ግላይደር ኔትወርክ የመሬት ጣቢያዎች ምልክታችሁን ከስንት ርቀት እንደሰሙ ተመልከቱ።

ለወረቀቱ፦ የአውሮፓ አቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ሲኤስ-ስታን በሚባለው የመደበኛ ለውጦች ሰነዱ ውስጥ ሲኤስ-ኤስሲ051 የሚባል ለፍላርም የወጣ መደበኛ ለውጥ አለ። እሱን ተከትሎ መግጠም ስለሚቻል ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የተለየ ማጽደቂያ አትለምኑም። በሙያው ፈቃድ ያለው ሰው ይፈርምበት።

ብሌን_ክንፍ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኮኔክተሩን ዛሬ ፈትተን አየነው፤ መርፌና ቀዳዳው ትክክል ነው። ያለፈው በጋ ፋይሎችን መመርመሪያው ላይ ጫንናቸው። ካርቦን ያለበት አውሮፕላን ወደ ኋላ 4 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ወደ ፊት ግራ 3፣ ወደ ፊት ቀኝ ግን 1 ኪሎ ሜትር እንኳ በጭንቅ ነው የሚደርስ። ኤኤስኬ 21 በሁሉም አቅጣጫ ደህና ናት። የፊት ቀኙን ምን እናድርገው? ስለ ተርማሉና ትራንስፖንደሩም እየጠበቅሁ ነው።

ዓይን_ወደ_ውጭ፦

የማስተማር ሥራ ላይ ስላለሁ የማንቂያውን ክፍል እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ ተማሪው ይህን ይያዝ፦ ፍላርም ወዴት እንደምትመለከት ይነግርሃል እንጂ ወዴት እንደምትታጠፍ አይነግርህም። የአየር መንገድ አውሮፕላኖች ላይ ያለው ቲካስ የሚባል የግጭት መከላከያ «ውጣ»፣ «ውረድ» ይላል፤ የሁለቱን አውሮፕላኖች ትእዛዝም ያስማማል። ፍላርም ይህን አያደርግም። መብራት አይቶ በደመ ነፍስ መታጠፍ ወደ ሌላው መታጠፍ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የአቅጣጫው ስህተት። መሣሪያው የሚያውቀው መሬት ላይ የምትሄድበትን መንገድ ነው፤ አፍንጫህ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረርክ 40 ኪሎ ሜትር የጎን ነፋስ ካለ፣ አፍንጫህና መንገድህ በ24 ዲግሪ ግድም ይለያያሉ። መሣሪያው በሰዓት ፊት ላይ ቁጥር 2 ቢያሳይህ ሰውየው ቁጥር 1 ወይም 3 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ማዕበል ነፋስ (ተራራ ተሻግሮ እንደ ሞገድ የሚወጣና የሚወርድ ነፋስ) ውስጥ ቆመህ፣ መሬት ላይ ያለህ ፍጥነት ዜሮ አጠገብ ሲሆንማ የሚያሳየው አቅጣጫ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የተባለው ነጥብ ላይ አትፍጠጥ፤ በዚያ ዙሪያ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ፣ ከዚያ የከፍታ መብራቱ እንዳመለከተው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቃኝ።

ተርማል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ በ40 ዲግሪ ማጋደል ስትዞር ክበብህ 94 ሜትር ግድም ራዲየስ አለው፤ አንድ ዙር 21 ሰከንድ ይፈጃል። ያ ማለት መሣሪያው ሊተነብየው የሚሞክረው 20 ሰከንድ ሙሉ ዙር ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዙር ውስጥ አንተ ታጠብቃለህ፣ ሌላው ያላላል፣ ሦስተኛው ከጎን ይገባል። ትንበያው እውነት የሚሆነው ሁላችሁም የአሁኑን ዙር ከጠበቃችሁ ብቻ ነው። በአንድ ተርማል ውስጥ ብዙ ማንቂያ የሚመጣው መሣሪያው ስለተበላሸ አይደለም፤ በእርግጥ ተቀራርባችኋል። አደገኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ በሰላም ሲዞር የነበረ ሰው ድንገት ቀጥ ብሎ ቢወጣና ወደ አንተ ቢመጣ ከዚያ በፊት ማንቂያ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም።

ስለዚህ ተርማል ውስጥ እንዲህ አስተምራለሁ። የምታያቸውን ሰዎች ቁጠርና የእያንዳንዱን ቦታ በየዙሩ አድስ። ማንቂያ ሲመጣ «የማውቀው ሰው ነው ወይስ የማላውቀው?» በል። የምታውቀው ከሆነ ዙርህን ጠብቅ። የማታውቀው ከሆነ ከላይ እንዳልኩት ቃኝ፤ ክንፍህ የሸፈነውን ጎን ለማየት ማጋደሉን ትንሽ ቀይር። ጊዜው አጥሮ፣ ጩኸቱ ጠንክሮ ሰውየውን ካላየኸው፣ ባዶ መሆኑን ባየኸው በኩል በለሰለሰ እንቅስቃሴ ከተርማሉ ውጣ። መሪውን ድንገት ጎትቶ ወደ ላይ መነሳት አይሆንም፤ ከላይህ ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ያለውን አያይም። አንድ ተርማል ውስጥ ለሦስት ደቂቃ ያላየኸው ግን መሣሪያው ላይ ያለ ሰው ካለ ከፍታውን ተወውና ሂድ። ሌላ ተርማል ይገኛል።

ሸንተረር ላይ የመንገድ ቅድሚያውን አትርሱ። ፊት ለፊት ስትገናኙ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ነው የምትወጡት፤ ግን ተራራው በቀኙ ያለ አብራሪ ወደ ቀኝ መውጫ የለውም። ስለዚህ ተራራው በግራው ያለው ነው ቦታ የሚሰጠው። ይህን የሚያውቅ ሰው ማንቂያውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይወጣል።

የማሳያውን ቦታ በተመለከተ፦ ራዳር የሚመስለውን ትልቅ ስክሪን ዝቅ አድርጋችሁ አትግጠሙ። በመስታወቱ ግርጌ፣ በዕይታ መስመር ላይ ያለ ትንሽ የመብራት ቀለበትና የድምፅ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። ስክሪን ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየተከተለ ወደ ተርማል የሚሄድ አብራሪ ዓይኑ ኮክፒት ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ራሱ ተጨማሪ አደጋ ሆኗል። ጠንከር አድርጌ የምናገረው ሆን ብዬ ነው። ለውድድር ተብሎ መረጃ የሚሸሽግ ሁነታ አለ፤ የግጭት ማንቂያውን አያጠፋም፣ ሌሎች ስለ አንተ የሚያዩትን ይቀንሳል፣ በልዋጩ አንተም ስለ ሌሎች የምታየው ይቀንሳል። ለክለብ አውሮፕላን አያስፈልግም፣ አጥፉት።

ሲየራ_ማዕበል፦

ከአሜሪካ በኩል ስለ ትራንስፖንደሩ።

ኮሚቴው «ፍላርም ወይስ ትራንስፖንደር» ብሎ ከተከፋፈለ ጥያቄው ተሳስቷል። ሁለቱ የሚያወሩት ለተለያየ ሰው ነው። ፍላርም የሚያወራው ለግላይደሮች፣ ለጎታቾችና ፍላርም ለያዙ ቀላል አውሮፕላኖች ነው። የመንገደኛ ጄት ላይ ያለው ቲካስ ፍላርምን ጭራሽ አይሰማም፤ የሚሰማው የትራንስፖንደር መልስ ብቻ ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪውም በሁለተኛ ራዳር የሚያየው ያንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2006 ኔቫዳ ውስጥ፣ ስሚዝ በሚባል ቦታ አካባቢ፣ 16,000 ጫማ ግድም ላይ አንድ ሆከር 800ኤክስፒ ጄት ከኤኤስጂ 29 ግላይደር ጋር ተጋጭቷል። ግላይደሩ ትራንስፖንደር ነበረው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ጠፍቶ ነበር። የግላይደሩ አብራሪ በፓራሹት ወረደ፣ ጄቱ አፍንጫው ተበልቶ ጎማ ሳያወጣ ካርሰን ሲቲ ላይ አረፈ፣ ሰው ሳይሞት ቀረ። ጄቱ ላይ ያለው ቲካስ ሊያይ የሚችለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ የመግዛቱን ያህል፣ በርቶ እንዲቆይ የሚያስችል ባትሪ መኖሩም ወሳኝ ነው።

ሒሳቡን ሥሩት። ለምሳሌ ትራንስፖንደሩ 0.5 አምፔር፣ ፍላርሙ 0.2፣ ሬዲዮው 0.2፣ ቫሪዮና ስክሪኑ 0.3 ቢወስዱ ድምሩ 1.2 አምፔር ነው። የ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ ከ6 ሰዓት በታች ይሰጣል። ያረጀ እርሳስ ባትሪ፣ በከፍታ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ከዚያ በጣም ባነሰ ያልቃል። ሁለተኛ ባትሪ ወይም ለአውሮፕላኑ የተፈቀደ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ያስፈልጋችኋል። የምትበሩት በትልቅ አየር ማረፊያ መዳረሻ ሥር ከሆነ ትራንስፖንደሩ ቅንጦት አይደለም። ሁልጊዜ ከሜዳው አጠገብ ብቻ ለሚዞር ማሠልጠኛ ግን መጀመሪያ ፍላርሙን አስተካክሉ እላለሁ።

አንድ ገደብ ልጨምር። አዳዲሶቹ ፍላርሞች የሌሎችን ትራንስፖንደርና ኤዲኤስ-ቢ (አውሮፕላን የጂፒኤስ ቦታውን ራሱ የሚበትንበት ምልክት) ይሰማሉ። ኤዲኤስ-ቢ ያለውን በትክክል ቦታው ላይ ያስቀምጡታል። ኤዲኤስ-ቢ የሌለውን ግን የሚገምቱት በምልክቱ ጥንካሬ ነው፤ «አንድ ነገር ይህን ያህል ቅርብ ነው» ይላሉ፣ አቅጣጫ የለውም። ትራንስፖንደር ያለው ጎታች አውሮፕላን ሲጎትታችሁ ይህ ማንቂያ ሊረብሽ ይችላል። የርቀት ገደቡን ጠበብ አድርጉት እንጂ ሙሉ በሙሉ አታጥፉት።

ደግሞ መሣሪያ ከአሜሪካ የሚገዛ ሰው ካለ፦ እዚህ የምንጠቀመው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለውን ባንድ ነው። ለዚህ የተሠራ አንቴና አውሮፓ ውስጥ በልኩ አይሠራም፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ዳገት_ነፋስ፦

በጎታቹ ማንቂያ ላይ ትንሽ ልለይ። ክለቡ ቀኑን ሙሉ ጉተታ ላይ ከሆነና ማንቂያው በእያንዳንዱ መነሳት የሚጮህ ከሆነ ተማሪው ማንቂያን መናቅ ይማራል፤ ይህ ከማጥፋት የባሰ ነው። ማሠልጠኛዋ ላይ አቅጣጫ የሌለውን ማንቂያ በጣም ጠባብ ገደብ ላይ አድርጉና ለምን እንደሆነ ለአስተማሪዎቹ በጽሑፍ አሳውቁ። ባለ አንድ መቀመጫው ርቆ ስለሚሄድ እሱ ላይ ሰፋ ይበል።

ገመድና_ኮኔክተር፦

ብሌን፣ የፊት ቀኙ 1 ኪሎ ሜትር ለኔ አስደንጋጭ ነው። ዳገት_ነፋስ በሠራው ስሌት ፊት ለፊት 10 ሰከንድ ነው፤ ከ12.5 በታች። እስኪስተካከል ድረስ አብራሪዎቹ ይህን አውቀው ይብረሩ፤ ሰሌዳው ላይ በወረቀት ጻፉበት።

አንቴናው ሽፋኑ ሥር ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ ነው ያለው? ወደ ግራ ከሆነ፣ በእሱና በፊት ቀኙ መካከል ኮምፓስ፣ የቫሪዮ ቱቦዎችን የያዘ የብረት ማሰሪያ ወይም የገመድ እቅፍ አለ ብዬ እገምታለሁ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ አንቴናውን ከሽፋኑ ሥር አውጥታችሁ ሽፋኑ ላይ በመሐል አቁሙትና ሌላ ነገር ሳትነኩ ብረሩ። ከብዙ ሰው ጋር ከተበረረ በኋላ ፋይሎቹን ጫኑ። የፊት ቀኙ ከተስተካከለ ጥፋቱ ቦታው ነበር። ካልተስተካከለ ገመዱን ቀይሩና እንደገና ብረሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም።

ወደ ፊት ከተስተካከለ በኋላ ወደ ታች ያለው ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ካርቦኑ ከሥር ይሸፍናልና። መሣሪያችሁ ሁለተኛ የአንቴና መግቢያ ካለው ሁለተኛውን ከሆዱ በታች ወይም ካርቦን በሌለበት ክፍል አስቀምጡት። በአንዳንድ መሣሪያዎች ሁለተኛው መግቢያ የሚቀበል እንጂ የሚልክ አይደለም፤ የእናንተን መመሪያ ተመልክታችሁ የተሻለ ዕይታ ያለውን አንቴና በሚልከው በኩል አድርጉ። መመርመሪያው ሁለቱን ደምሮ ጥሩ ሥዕል ሊያሳያችሁ ይችላል፣ ሌሎች ግን እናንተን የሚያዩት በላኪው አንቴና ብቻ ነው። ለዚህ ነው የመሬት ጣቢያዎቹን መረጃም እዩ ያልኩት።

ብሌን_ክንፍ፦

በግራ ነው። ኮምፓሱም በመሐል ነው፣ እንዳልከው። ቅዳሜ አውጥተን ሽፋኑ ላይ እናቆመዋለን፤ ሌላ ምንም አንነካም። የማስጠንቀቂያ ወረቀቱን ዛሬውኑ ሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል፦ «ወደ ፊት ቀኝ ፍላርም ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ነው የሚያየው»። የፀደይ ፋይሎች ሲደርሱ ሥዕሎቹን እዚሁ አምጥቼ አሳያችኋለሁ።